ኤጀንቶች ኮድ በሚጽፉበት ሪፖ ሥርዓትን ስለ ማስያዝ

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው በአዲስ አበባ የሚሠራ የአንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ቡድን ኃላፊ ናቸው፤ አራት ዴቨሎፐሮች ሆነው የደንበኞችን መዝገብና ክፍያ የሚያስተዳድር ሲስተም ይሠራሉ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ኮድ የሚጽፉ የኤአይ ኤጀንቶችን (ትእዛዝ ተቀብለው ሥራውን በራሳቸው የሚያከናውኑ ፕሮግራሞችን) መጠቀም በመጀመራቸው ሥራው ፈጥኗል፤ ሪፖው (ኮዱ ከነለውጥ ታሪኩ የሚቀመጥበት መዝገብ) ግን ከቁጥጥራቸው እየወጣ ነው። ሁለት ኤጀንቶች በአንድ ፎልደር ሲሠሩ አንዱ የሌላውን ሥራ ይደመስሳል፤ ፑል ሪኩዌስቶቹ (ለውጡ ይግባ ተብለው የሚቀርቡ ጥያቄዎች) ከሺህ መስመር በላይ ስለሚሆኑ ሳይነበቡ መርጅ ይደረጋሉ፣ ማለትም ከዋናው ኮድ ጋር ይዋሃዳሉ፤ ኤጀንቱ የወደቀ ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ፕሮግራም) ሲያጋጥመው ኮዱን ትቶ ቴስቱን ይቀይራል፤ ከእያንዳንዱ ኮሚት (በታሪኩ ከሚመዘገብ ለውጥ) ጋር የሚጻፉት መልእክቶችም ምን እንደተለወጠ እንጂ ለምን እንደተለወጠ አይናገሩም። ሪፖውን በምን ሥርዓት እናስተዳድረው፣ የተለያዩትን ሪፖዎች ወደ አንድ እንሰብስባቸው ወይስ እንዳሉ እንተዋቸው፣ የተበላሸውን ታሪክስ አጽድተን እንደ አዲስ እንጀምር ወይ ሲሉ ይጠይቃሉ።

ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2005 ጊትን፣ ማለትም የኮድ ለውጥን እየመዘገበ የሚያስተዳድረውን መሣሪያ፣ ሲሠራ ዓላማው በዓለም ዙሪያ ተበትነው፣ አብዛኞቹም እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ፣ በሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ላይ የሚሠሩ ሰዎች የሚልኩትን ለውጥ መርምሮ የሚበጀውን ለመቀበልና የማይበጀውን ለመመለስ ነበር። ስለዚህ ብዙ እጅ፣ ገና ያልተፈተነ እጅም ጭምር፣ በአንድ ኮድ ላይ መግባቱ ለመሣሪያው አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው በመጻፍና በማንበብ መካከል የነበረው ሚዛን መፋለሱ ነው። ቀድሞ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ የጻፈውን ባልደረባው በአጭር ጊዜ አንብቦ ይጨርሰው ነበር፤ ዛሬ ኤጀንት በደቂቃዎች ያወጣውን በጥንቃቄ ለማንበብ ግማሽ ቀን ሊያስፈልግ ይችላል። ዶራ በመባል የሚታወቀው የጉግል የጥናት ቡድን በ2024 ሪፖርቱ የኤአይ አጠቃቀም በ25 በመቶ ከፍ ሲል ሶፍትዌርን የማድረስ መረጋጋት በ7.2 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ገምቷል፤ አዘጋጆቹ ሊሆን ይችላል ብለው ያቀረቡት ምክንያትም በአንድ ጊዜ የሚገቡት ለውጦች መጠን ማደጉ ነው። በእርስዎ ቡድን የደረሰውም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። በመሆኑም ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ወደ ዋናው ብራንች (የኮዱ ዋና የሥራ መስመር) የሚገባውን ለውጥ ልክ መወሰን ያለበት የሰው የማንበብ አቅም ነው፤ የሪፖው አደረጃጀትም ይህን በመልካም ፈቃድ ላይ ሳይተው የሚያስገድድ መሆን አለበት።

ቶሎ ሊፈታ ከሚችለው ችግር፣ ማለትም ኤጀንቶቹ እርስ በርስ ከመደማሰሳቸው እንጀምር። ሁለት ኤጀንቶችን በአንድ ፎልደር ማሠራት ፈጽሞ መቆም አለበት። ለዚህ የሚሆነው ወርክትሪ የተባለው የጊት ትእዛዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው 2.5 እትም ጀምሮ ስላለ ማንኛውም የቡድኑ ኮምፒውተር ላይ ይገኛል። ወርክትሪ አንድን ሪፖ ሙሉ በሙሉ ደግሞ ሳይገለብጥ ሌላ የሥራ ፎልደር ይከፍታል፤ ታሪኩ ሁሉ የሚቀመጠው በአንድ ቦታ ሲሆን እያንዳንዱ ፎልደር ግን የራሱ ብራንችና ለኮሚት የተዘጋጁ ፋይሎች የራሱ ዝርዝር ይኖረዋል። ጊት በነባሪ አሠራሩ አንድን ብራንች በሁለት ወርክትሪ መክፈትን ስለሚከለክል፣ ሁለት ኤጀንቶች ሳያውቁት በአንድ ብራንች ላይ የመገናኘታቸው ዕድልም በዚያው ይዘጋል። የአንድ ሥራ፣ የአንድ ብራንችና የአንድ ፎልደር ስም አንድ ዓይነት ቢሆን፣ ለምሳሌ ሦስቱም በሥራው ቁጥር ቢሰየሙ፣ የትኛው ኤጀንት ምን እየሠራ እንደሆነ ለማወቅ ፎልደሮቹን መዘርዘር ብቻ ይበቃል።

ይሁን እንጂ ወርክትሪ የማይለያቸው ነገሮች እንዳሉ ብዙ ሰው ዘግይቶ ነው የሚረዳው። ስታሽ ተብሎ ለጊዜው ወደ ጎን የሚቀመጥ ሥራ ለሁሉም ወርክትሪዎች የጋራ ነው፤ ስለዚህ በአንዱ ፎልደር ያለ ኤጀንት ስታሽ ያደረገውን በሌላው ፎልደር ያለው ሊያወጣው ይችላል። በኤጀንቶቹ መመሪያ ውስጥ ስታሽን መከልከልና ያልተጠናቀቀ ሥራንም በራሱ ብራንች ላይ ኮሚት ማስደረግ ይህን ያስቀራል። ዳታቤዙና የሰርቨሩ ፖርትም (ሰርቨሩ ጥያቄ የሚቀበልበት ቁጥር) የጋራ ሆነው ይቀራሉ። ሁለት ኤጀንቶች በተለያየ ፎልደር ሆነው በአንድ የሙከራ ዳታቤዝ ላይ የተለያየ ማይግሬሽን (የዳታቤዙን አወቃቀር የሚቀይር ትእዛዝ) ቢያስኬዱ የሚፈጠረው መደበላለቅ ከፋይል መደማሰስ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም በዲፍ (የተለወጡትን መስመሮች በሚያሳየው ዝርዝር) ላይ አይታይም። ለእያንዳንዱ ወርክትሪ በስሙ የተሰየመ ዳታቤዝ የሚፈጥርና የተለየ ፖርት የሚሰጥ አጭር ስክሪፕት ጽፋችሁ በሪፖው ውስጥ አስቀምጡ። በጊት የማይመዘገቡ ፋይሎች፣ እንደ ኤንቭ ፋይል (ቁልፎችና ቅንብሮች የሚቀመጡበት) ያሉት፣ ወደ አዲሱ ወርክትሪ እንደማይከተሉም መታወስ አለበት፤ ይኸው ስክሪፕት የሙከራ ቁልፎችን ብቻ የያዘ ኤንቭ ፋይል እንዲፈጥር ማድረግ ጥቅሙ ድርብ ነው። ላይብረሪዎቹ (ሌሎች የጻፏቸው፣ ሲስተሙ የሚጠቀምባቸው የኮድ ጥቅሎች) በየፎልደሩ እንደ አዲስ መጫን ስላለባቸው በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ወጪው ቀላል አይደለም፤ በጃቫስክሪፕት የምትሠሩ ከሆነ ፒኤንፒኤም የተባለው ጫኚ ጥቅሎችን በአንድ የጋራ ማከማቻ ይዞ ለየፎልደሩ በሊንክ ስለሚያገናኝ ያንኑ ጥቅል ደጋግሞ ከማውረድ ያድናል።

አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ስንት ኤጀንት ያሠራ ለሚለው የእኔ ፍርድ ሁለት ነው፤ ያም ሁለተኛው ሥራ እንደ ሰነድ ማዘጋጀትና ቴስት መጨመር ያለ ቀለል ያለ ሲሆን ነው። አምስትና ስድስት ኤጀንት በአንድ ላይ አሠራለሁ የሚል ሰው የሚወጣውን ሁሉ እያነበበ ነው ብዬ ለማመን እቸገራለሁ።

ቀጥሎ የኮሚት ጉዳይ ነው። ኤጀንት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፎልደሩ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ያልተመዘገበ የሰው ሥራ ባለበት ፎልደር ላይ ኤጀንትን ማስጀመር ኋላ የማን እጅ የትኛውን እንደለወጠ እንዳይለይ ያደርጋል፤ ኤጀንቱ ፋይሎችን ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ለመመለስ ሲሞክርም ኮሚት ያልተደረገው የሰው ሥራ አብሮ ይጠፋል። ኮሚት የተደረገ ነገር ግን በቀላሉ አይጠፋም። ብራንቹ እንኳ ቢሰረዝ የጊት ሪፍሎግ (የቅርብ ጊዜ እንቅስቃሴዎች መዝገብ) በነባሪው ለ30 ቀን ያህል ስለሚይዘው መልሶ ማግኘት ይቻላል። ስለዚህ ኤጀንቱ በእያንዳንዱ ትንሽ ደረጃ ላይ በራሱ ብራንች ኮሚት እያደረገ እንዲሄድ ማዘዝ ይገባል።

መልእክቱን በተመለከተ፣ ምን እንደተለወጠ ዲፉ ራሱ ያሳያል፤ የጎደለው ምክንያቱ ነው። ኤጀንቱ ምክንያቱን የሚያውቀው እርስዎ ከነገሩት ብቻ ስለሆነ፣ ሥራውን ሲያዝዙ የሰጡት ማብራሪያ በዚያው በውይይት መስኮት ውስጥ ቀርቶ ከጠፋ ከስድስት ወር በኋላ ያንን መስመር የሚያነብ ሰው መነሻውን የሚያገኝበት ቦታ የለም። ስለዚህ ለኤጀንቱ የተሰጠው ትእዛዝ ፍሬ ነገር፣ የታሰበው ሌላ አማራጭና የተተወበት ምክንያት በኮሚቱ መልእክት ውስጥ በሁለት በሦስት ዐረፍተ ነገር እንዲገባ አድርጉ። ይህ ለሰው ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ ቀጣዩ ኤጀንት ሥራ ሲጀምር ካለፈው ውይይት የሚያስታውሰው ነገር ስለማይኖር፣ የሪፖውን ታሪክ ማንበብ ያለፈውን ውሳኔ የሚያውቅበት ዋና መንገዱ ነው። ኤጀንቶች ፋይልን የማስዋብ ልማድ ስላላቸው ደግሞ፣ የኮዱን አቀማመጥ ብቻ የሚለውጥ ሥራና የሲስተሙን ጠባይ የሚለውጥ ሥራ በአንድ ኮሚት እንዳይገቡ በጥብቅ መከልከል አለበት። ሦስት መስመር የሆነ የክፍያ ስሌት ለውጥ በአራት መቶ መስመር የቦታ ማስተካከያ ውስጥ ተደብቆ ሲገባ የሚያየው የለም።

አሁን ወደ መመሪያ ፋይሉ እንምጣ፤ በእኔ አስተያየት ለእናንተ ዓይነት ቡድን ከሁሉ የላቀ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በርካታ የኤጀንት አምራቾች ኤጀንትስ ዶት ኤምዲ የሚባል ፋይል በሪፖው መግቢያ ላይ ተቀምጦ መመሪያ እንዲሆን ተቀብለዋል፤ ክላውድ ኮድ የተባለው የአንትሮፒክ ኤጀንት በበኩሉ ክላውድ ዶት ኤምዲ የሚባለውን ያነባል። ሁለቱንም የሚጠቀም ቡድን አንዱን ጽፎ ሌላው ወደ እሱ እንዲያመለክት ማድረግ እንጂ ሁለት የተለያየ ጽሑፍ መያዝ የለበትም። በፋይሉ ውስጥ ምን ይጻፍ ለሚለው፣ ኤጀንቱ ኮዱን አንብቦ ሊደርስበት የማይችለው ነገር ብቻ ይጻፍ እላለሁ። ፋይሉ በየውይይቱ መጀመሪያ የሚነበብ ስለሆነ በረዘመ ቁጥር አስፈላጊው ነገር ባላስፈላጊው ይዋጣል። ቴስቱ በየትኛው ትእዛዝ እንደሚሄድ፣ የትኞቹ ፎልደሮች እንደማይነኩና አንድ ሥራ ተጠናቀቀ የሚባለው ምን ሲሟላ እንደሆነ መጻፍ የግድ ነው።

ከዚያ በላይ ግን የአገሩ እውቀት አለ። ኤጀንቶቹ የሠለጠኑበት ኮድ በአብዛኛው የተጻፈው ለሌላ አገር ተጠቃሚ ነውና ካልተነገራቸው በስተቀር የዚያን አገር ልማድ ይዘው ይመጣሉ። የደንበኛ ቅጽ ሥራ ሲባሉ የቤተሰብ ስም የሚል አምድ ይከፍታሉ፤ የእኛ ሰው ደግሞ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው ያለው፤ ደብዳቤ ላይም በአባቱ ስም አይጠራም። ስልክ ቁጥር በ09 ብቻ ይጀምራል ብለው ያረጋግጡና የሳፋሪኮም ደንበኞችን 07 ይመልሱታል። የዘመን አቆጣጠሩን በተመለከተ ዓመቱ 12 ወር ነው ብሎ የሚነሣ ኮድ ጳጉሜን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ጳጉሜን ያወቀው ኮድም ስድስተኛዋን ቀን ይረሳታል። ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ዓመት ጳጉሜ 6 ስላለው፣ እንደ 2015 ዓ.ም. ሁሉ 2019 ዓ.ም.ም 366 ቀን ይሆናል፤ የወለድ ወይም የደንበኝነት ቀን የሚቆጥር ሲስተም ይህን በቴስት ጭምር መያዝ አለበት። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ደንበኛው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲል ሲስተሙ 8 ሰዓት ብሎ መመዝገብ እንዳለበት፣ ለውጡም በማሳያው ላይ ብቻ እንጂ በዳታቤዙ ውስጥ እንደማይደረግ መጻፍ ይገባል።

የፊደሉ ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ሥር የሰደደ ነው። አንዱ ሠራተኛ ኃይሉ ብሎ የመዘገበውን ሌላው ሃይሉ ብሎ ሲፈልገው እንዳይታጣ፣ ሀ ሐ ኀን፣ ሰ ሠን፣ አ ዐንና ጸ ፀን ለፍለጋ ሲባል ወደ አንድ የሚያመጣ ፈንክሽን ሊኖራችሁ ይገባል፤ ይህ ፈንክሽን በየትኛው ፋይል እንዳለና ከእሱ ሌላ እንዳይጻፍ በመመሪያው ካልተነገረ ኤጀንቱ በየፋይሉ ሌላ ሌላ፣ አንዱ ከሌላው የማይስማማ፣ ይጽፋል። እንዲህ ያለውን እውቀት በመመሪያው ውስጥ በአንድ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፎ፣ ለእያንዳንዱም ቴስት ማቆም ከማንኛውም የሚገዛ መሣሪያ የበለጠ የኤጀንቱን ሥራ ያሻሽላል።

የመመሪያ ፋይል ግን ጠባቂ አይደለም። ኤጀንቱ በአብዛኛው ይከተለዋል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ሬፕሊት በተባለው መድረክ ላይ የሚሠራ ኤጀንት፣ ያለ ፈቃድ ምንም ለውጥ እንዳያደርግ በጽሑፍ ተነግሮት ሳለ የአንድን ደንበኛ በሥራ ላይ ያለ ዳታቤዝ ማጥፋቱና የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ በይፋ ይቅርታ መጠየቃቸው ይታወሳል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ኤጀንቱ ሊያደርገው የማይገባውን ነገር እንዲያደርግ የሚያስችል ቁልፍ መጀመሪያውኑ በእጁ መግባት የለበትም። የእውነተኛውን ዳታቤዝ የይለፍ ቃል፣ የክፍያ አገልግሎቱን የሥራ ቁልፍና ወደ ሰርቨሩ መግቢያውን ኤጀንቱ በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ አታስቀምጡ። ለሪፖው የምትሰጡት ቶከንም (የመግቢያ ቁልፍ) በዚያ ሪፖ ብቻ የሚሠራ፣ ብራንች ለመግፋት (ወደ ሰርቨሩ ለመላክ) እንጂ ቅንብርን ለመለወጥ የማያስችልና የሚያበቃበት ቀን ያለው ይሁን።

በሪፖው በኩል የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ጥበቃ ዋናውን ብራንች መዝጋት ነው፤ ማንም ሰው ሆነ ኤጀንት በቀጥታ እንዳይገፋበት፣ ፎርስ ፑሽ (ያለውን ታሪክ በግድ የሚተካ ግፊት) እንዳይደረግበት፣ ቴስቱ ሳያልፍና ሰው ሳያጸድቅ መርጅ እንዳይሆንበት። በኮምፒውተሩ ላይ ኮሚት ሲደረግ በራሳቸው የሚሠሩ ሁኮች (የምርመራ ስክሪፕቶች) ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን በአንዲት አማራጭ ትእዛዝ ሊታለፉ ስለሚችሉና ኤጀንቶችም ሥራው ሲያስቸግራቸው ይህን ሲያደርጉ ስለሚታይ፣ እውነተኛው ምርመራ በሰርቨሩ በኩል መሆን አለበት። እዚህ ላይ ለአገራችን ቡድኖች የሚሆን አንድ ነገር ላንሣ። ሪፖዎችን በኢንተርኔት በሚያስተናግደው በጊትሃብ ነፃ አገልግሎት የግል ሪፖን ብራንች መጠበቅ አይቻልም፤ የሚከፈልበት እቅድ ያስፈልጋል፤ በውጭ ምንዛሪ በየወሩ መክፈል ደግሞ ለብዙዎች ከባድ ነው። ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጠው ጊትላብ በነፃው እቅዱም ቢሆን ብራንችን ለመጠበቅ ይፈቅዳል፤ የግዴታ ማጽደቅን ግን ለከፋዮች ነው የሚሰጠው። በራሳችሁ ሰርቨር ላይ የሚጫነው ጊቲ ሁለቱንም ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ አነስተኛ ሰርቨርም ይበቃዋል። መጠባበቂያ ቅጂውን በየቀኑ ለማውጣት ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ካላችሁ ይህን የመጨረሻውን እመርጥላችኋለሁ።

ኤጀንቱ ቴስቱን ይቀይራል ስላሉት፣ ይህ በክልከላ ብቻ የሚቆም ነገር አይደለም። ኤጀንት የሚመዘነው ቴስቱ አለፈ ወይስ ወደቀ በሚለው እስከሆነ ድረስ ወደዚያ የሚወስደውን አጭር መንገድ መፈለጉ አይቀርም። እኔ የምመክረው የቴስት ለውጥና የኮድ ለውጥ በተለያየ ፑል ሪኩዌስት እንዲመጡ ነው። መጀመሪያ ሰው የሚፈልገውን ጠባይ የሚገልጽ ቴስት ይጻፍና ሰው አንብቦት ይጽደቅ፤ ከዚያ ኤጀንቱ ቴስቱን ሳይነካ ኮዱን ይጻፍ። የሲስተሙ ጠባይ እንዲለወጥ ባልታሰበበት ሥራ ላይ ደግሞ፣ ሲአይው (በሰርቨር ላይ ቴስቶችን በራሱ የሚያስኬደው ሥርዓት) የቴስት ፎልደሩን ከዋናው ብራንች አምጥቶ በኤጀንቱ ኮድ ላይ እንዲያስኬድ ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ኤጀንቱ በራሱ ብራንች ያሉትን ቴስቶች ቢለውጥም ፍርዱን አይለውጠውም። የቴስት ፎልደሩ፣ የማይግሬሽን ፋይሎች፣ የሲአይ ቅንብርና ራሱ የመመሪያ ፋይሉ ስም ያለው ባለቤት ይኑራቸው፤ ያ ሰው ሳያጸድቅ አይለወጡ። የሲአይ ቅንብሩን በተለይ ያነሣሁት፣ እሱን መለወጥ የሚችል ሁሉ በሲአይ ውስጥ የተቀመጡትን ምስጢሮች ማውጣት ስለሚችል ነው። የጊትሃብ ኮፓይለት ኮድ ኤጀንት ሲሠራ በነባሪ አሠራሩ በፑል ሪኩዌስቱ ላይ ያሉት የሲአይ ሥራዎች ሰው ካልፈቀደ እንዳይጀምሩ፣ ሥራውን ያዘዘው ሰውም የግዴታ አጽዳቂ ሆኖ እንዳይቆጠር የተደረገው በዚሁ ጥንቃቄ ነው፤ ሌላ ኤጀንት ብትጠቀሙም ሁለቱን ሕጎች በራሳችሁ ሪፖ ላይ ማቆም ትችላላችሁ።

የላይብረሪ ጥቅሎችም የራሳቸው ጥንቃቄ ይሻሉ። ኤጀንቶች አንዳንድ ጊዜ የሌለ ጥቅል ስም ፈጥረው ይጠራሉ፤ ያንን ስም አስቀድሞ አስመዝግቦ ጎጂ ኮድ የሚያስቀምጥበት ሰው ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ደግሞ ኤንኤክስ የተባለው ታዋቂ ጥቅል የተመረዙ እትሞች በኤንፒኤም (በጃቫስክሪፕት ጥቅሎች ማከፋፈያ) ወጥተው ነበር፤ እነዚያ እትሞች በተጠቂው ኮምፒውተር ላይ የተጫኑትን የኤአይ ኤጀንቶች ራሳቸውን ምስጢር ፍለጋ እንዲያስሱ አዝዘው፣ የተገኘውን በተጠቂው የጊትሃብ አካውንት በተከፈተ የሕዝብ ሪፖ ላይ አውጥተዋል። ስለዚህ አዲስ ጥቅል የሚጨምር ፑል ሪኩዌስት ከሌላ ሥራ ጋር አይቀላቀል፤ የሎክ ፋይሉ (የጥቅሎቹን ትክክለኛ እትም የሚመዘግበው) ሁልጊዜ ኮሚት ይደረግ፤ ኤጀንቱም ፈቃድ ሳይጠይቅ ሁሉን እንዲያደርግ በሚያስችለው አማራጭ፣ ቁልፎች ባሉበት ኮምፒውተር ላይ፣ አይሂድ። ይህን አማራጭ መጠቀም የግድ ከሆነ ምንም ምስጢር በሌለበት ኮንቴይነር (ከኮምፒውተሩ የተነጠለ የሥራ ክፍል) ውስጥ ይሁን።

ስለ ሪቪው፣ ማለትም ኮዱን አንብቦ ስለ ማጽደቅ፣ የፑል ሪኩዌስቱን ልክ ወስኑ። ለእናንተ ቡድን ሰው የሚያነበው ኮድ ከ300 መስመር እንዳይበልጥ፣ ከበለጠም ሲአይው እንዲመልሰው ማድረግ በቂ ጅማሮ ይመስለኛል፤ በማሽን የሚፈጠሩ ፋይሎች አይቆጠሩም። ሥራው በዚህ ልክ አይከፈልም የሚል ኤጀንት ቢያጋጥም፣ ኮድ ከመጻፉ በፊት እቅዱን እንዲጽፍና እቅዱ እንዲከፈል ማድረግ ነው። ማን ይፈርማል ለሚለው፣ ኤጀንቱ በተባባሪ ጸሐፊነት በኮሚቱ ግርጌ ሊጠቀስ ይችላል፤ መጠቀሱም በኋላ የትኛው ኮድ በኤጀንት እንደተጻፈ ለመለየት ይረዳል። ተጠያቂው ግን ሥራውን ያዘዘው ሰው ነው፤ አጽዳቂው ደግሞ ሌላ ሰው መሆን አለበት። ኤጀንት የኤጀንትን ሥራ እንዲያነብ ማድረግ ስሕተት ለመልቀም ይጠቅማል፤ የሰውን ማጽደቅ ግን አይተካም። አራት ሰዎች ብቻ ስለሆናችሁ ይህ ሸክም እንደሚሆን ይገባኛል። ሆኖም የክፍያ ኮድ ነው የምትጽፉት፤ በስሕተት ሁለት ጊዜ የተቀነሰ ብር የሚመለከተው ሰው የሚጠይቀው ገንዘቡን ነው እንጂ ኮዱን ማን እንደጻፈው አይደለም።

ሪፖዎቹን አንድ ማድረግን በተመለከተ፣ አብረው የሚለወጡ ከሆነ አንድ አድርጓቸው። የሰርቨሩ ኮድና የሞባይል አፑ ኮድ በተለያየ ሪፖ ሲሆኑ ኤጀንቱ አንዱን ብቻ እያየ የሌላውን ይገምታል፤ በአንድ ላይ ሲሆኑ ግን የኤፒአይ (ሰርቨሩና አፑ የሚነጋገሩበት መንገድ) ለውጡንና የአፑን ለውጥ በአንድ ፑል ሪኩዌስት ማምጣትና በአንድ ቴስት መፈተሽ ይችላል። በየንዑስ ፎልደሩ አጭር መመሪያ ማስቀመጥም ይቻላል። ከዚህ የሚለዩት የሰርቨር ማስተዳደሪያ ስክሪፕቶችና ከምስጢር ጋር የሚነካካ ማንኛውም ነገር ናቸው፤ እነዚህ ኤጀንቶች ፈጽሞ በማይደርሱበት ሌላ ሪፖ ይቀመጡ።

በመጨረሻ ስላነሡት ስለ ተበላሸው ታሪክ፣ እንዳለ ተዉት። ጥንቁቅ የሒሳብ ሠራተኛ የተሳሳተ ምዝገባን በማስተካከያ ምዝገባ ያርማል እንጂ ገጹን እንደማይቀድ ሁሉ፣ ወደ ዋናው ብራንች የገባ ስሕተትም በሪቨርት (ለውጡን በሚቀለብስ አዲስ ኮሚት) ይመለሳል እንጂ አይፋቅም። ታሪክን እንደ አዲስ መጻፍ የሁሉንም ሰው ቅጂና ክፍት ብራንች ያናጋል፤ የሚገኘው ጥቅም ደግሞ ውበት ብቻ ነው። የይለፍ ቃል ወይም ቁልፍ በታሪኩ ውስጥ ከተገኘ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ቁልፉን በዚያው ሰዓት ሰርዛችሁ አዲስ አውጡ፤ ምክንያቱም በየሰው ኮምፒውተር ያሉት ቅጂዎች ስለማይነኩ ታሪኩን ማጽዳት ብቻውን አይጠብቃችሁም። ከዚያ በኋላ ማጽዳት ከፈለጋችሁ ፊልተር ሪፖ የተባለው መሣሪያ ለዚህ የተዘጋጀ ነው። አዲሱ ሥርዓት በሚጀምርበት ቀን በዋናው ብራንች ላይ ታግ (ምልክት) አኑሩ፤ ከዚያ ወዲህ የኤጀንት ብራንች ሁሉ በስኳሽ ወደ አንድ ኮሚት ተጠቃልሎ ይግባ፤ የኤጀንቱ ጥቃቅን ኮሚቶች በዋናው ታሪክ ውስጥ ሳይገቡ፣ እያንዳንዱ ኮሚት አንድ የተነበበና ቴስት ያለፈ ለውጥ ይሆናል። ይህን ካደረጋችሁ አንድ ጥፋት መቼ እንደገባ በባይሴክት (ታሪኩን ለሁለት እየከፈለ ጥፋቱ የገባበትን ኮሚት በሚያገኝ የጊት ትእዛዝ) ስትፈልጉ የሚቆመው ለመረዳት በማይከብድ አንድ ለውጥ ላይ ነው። ከታጉ በፊት ባለው ዘመን ላይ ስትፈልጉ ደግሞ ከጊት 2.29 ጀምሮ ባይሴክት የዋናውን መስመር ኮሚቶች ብቻ እንዲከተል የሚያደርግ አማራጭ ስላለው፣ በመርጅ ኮሚት በገቡት ብራንቾች ውስጥ ያሉትን ግማሽ የተሠሩ ኮሚቶች መዝለል ይቻላል።